የክንዱ ባሕር ቀንድ አውጣ

ቀንድ አውጣ እናቴን ይገድላታል ብዬ ያመንኩበት አንድ በጋ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። በልጅነቱ ገርበብ ካለ በር ኋላ ቆሞ የትልልቅ ሰዎችን ሹክሹክታ ሲለቅም ያደገ ሰው ግን አይስቅብኝም።

ቤታችን ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ላህ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ። ሳሎናችን በምዕራብ በኩል አንድ ሰፊ መስኮት ነበረው፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የክንዱ ባሕር። ክንዱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። መስታወት ቆራጭ ነበር፤ የሰው መስኮት ይገጥማል፣ ለሥዕለ ማርያም ፍሬም ይሠራል፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ይቀልዳል። አንድ ጊዜ ከመስኮት የተረፈውን መስታወት በሲሊኮን አጣብቆ ትልቅ ሳጥን ሠራ፣ ውኃ ሞላው፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሄዶ ብርቱካን የመሰሉ ዓሦች በፌስታል ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ በአውቶቡስ ተመለሰ። እሱ የተከራያት ክፍል ጨለማ ስለነበረች ሳጥኑን እኛ ቤት አስቀመጠው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ ያይ ነበር። «ፍኖተ ሰላም ባሕር የላትም ያለው ማነው?» እያለ በር ላይ ቆሞ ያስገባቸዋል።

አባቴ እንዳለው እህል ነጋዴ ነው፤ ዓሣው አይገባውም። «ይኼ ለጾም ነው ለፍስክ?» ይላል። «አይታለብ፣ አይታረድ፣ ዝም ብሎ ይዞራል።» ክንዱ ይመልስለታል፦ «ጋሼ፣ እርስዎ በቁና ያልተሰፈረ ነገር ምን ይገባዎታል?» አባቴ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰሌኑ ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ። የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ በውኃው ውስጥ አልፋ ግድግዳው ላይ ትወድቃለች፤ አረንጓዴ ብርሃን ይወዛወዛል። ግድግዳው ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የእናቴ ሆድ ላይ። እናቴ ሀብትነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እዚያው አግዳሚው ላይ ጋደም ብላ ጥጥ ትዳምጣለች። ብርሃኑ ሆዷ ላይ ሲመላለስ ውስጥ ያለውም ልጅ በውኃ ውስጥ እንደሚዋኝ ይሰማኝ ነበር። ዓሦቹ ስም ነበራቸው። ትልቁን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ክንዱ ቀኛዝማች ብሎታል። ቀኛዝማች ሲዞር ሌሎቹ ይከተሉታል፤ እኔም በዓይኔ እየተከተልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ክንዱ ሥራ አገኘ። ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ፣ ከዓባይ ማዶ፣ አዲስ ለተሠራ ጤና ጣቢያ መስኮት ሊገጥም ነው። ከመሄዱ በፊት ከላህ ወንዝ የውኃ ሣር ነቅሎ አመጣና «ቤት ይምሰላቸው» ብሎ ከጠጠሩ ሥር ተከለላቸው። «ሠርኬ፣ አደራሽን» አለኝ። ሠርክአዲስ ነው ስሜ፤ ሠርኬ መባል ግን ደስ የሚለኝ እሱ ሲለኝ ነበር። ከቡሬ የመጣ የጭነት መኪና ላይ ከነመስታወቱ ተሳፍሮ ሄደ።

ቀንድ አውጣው የመጣው በዚያ ሣር ነው። መጀመሪያ አንዲት ምስር የምታህል ነገር መስታወቱ ላይ ስትሳብ አየሁ፤ ወደድኳት። ከዚያ ብዙ ሆኑ። ብዙ ስል በጣም ብዙ፤ መስታወቱን ጎን ለጎን ሸፈኑት፣ ሣሩን በሉት፣ እንቁላላቸውን እንደተነከረ ተልባ እያዝለገለጉ በየጥጉ ለጠፉት። አንድ ጠዋት እናቴ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች፤ አፏን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፣ ትውኪያው ግን አልተዋትም፤ ያን ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። አባቴ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝና «ስሚ፣ ይኼ ነገር እናትሽ ዓይን እንዳይገባ። ካሁን በፊት የደረሰባትን እናውቃለን» አለኝ። ካሁን በፊት የደረሰባትን እኔ አላውቅም። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት እንደነበር የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ቀንድ አውጣ ካየች ትሞታለች።

ኅዳር ሲያልቅ ሁለት ሰዎች አጥራችን ጋ መጥተው አባቴን ጠሩት። በመስኮቱ አየሁት። አንደኛው ሰው ትከሻውን ይዞ ያናግረዋል፤ አባቴ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ፣ ለረዥም ጊዜም አልለቀቀውም። ሲገባ ፊቱን ታጥቦ ነበር። እናቴ «ምን አሉህ?» ስትለው «መጋዘኑ ውስጥ እህሉን ነቀዝ በላው፤ ቡሬ ደርሼ መምጣት አለብኝ» አለ። ለነቀዝ እንዲህ የሚያዝን ነጋዴ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከቡሬ የተመለሰው ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነው። ኮቱን እንኳን ሳያወልቅ፣ እናቴን እንዴት ሰነበትሽ ካለ በኋላ ሳጥኑ ጋ ሄደ። ያ በዓሣው ሲያላግጥ የኖረ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ ብብቱ ውኃው ውስጥ ነከረና ቀንድ አውጣ መልቀም ጀመረ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። «አባዬ፣ ይናከሳሉ?» አልኩት። «አዎ፣ ትንሽ» አለኝ።

እርግጥ አሁን አውቀዋለሁ። ክንዱ ኅዳር ላይ የጎደለ መስታወት ሊያመጣ ቡሬ ተመልሶ ነበር። ወደ ሥራው ሲሄድ መኪናው የዓባይ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፤ ክንዱ ከመስታወቱ ጋር ነበር የተጫነው። የተቀበረው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ባባቱ አጥቢያ ነው፤ አባቴ የመጣው ከዚያ አፈር ነው። የእናቴ የነፍስ አባት ቄስ ገብረሰንበትና የዘመድ ሽማግሎች እዚያው መቃብሩ አጠገብ ተነጋገሩ፤ በእኛ አገር ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ወልዳ፣ ከአራስ ቤት ወጥታ፣ ሕፃኑ ክርስትና ተነሥቶ እስኪጸና ድረስ አፍ ሁሉ ይዘጋ ተባለ። ሞባይል ገና አገራችን አልገባም፤ ወሬ በሰው እግር ነው የሚመጣው። ሰዉን ሁሉ ዝም ካሰኙት ወሬው ይቆማል። አባቴ ያን ዝምታ በራፋችን ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ከረመ።

እኔ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ቀንድ አውጣ መሰለኝ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ይመጣል፤ እናቴን በፈገግታ «እንዴት ከረምሽ» ይላል፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞር ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። «አይ፣ ሲወዳቸው» ይላል አንዱ። «ኧረ እንዳትሰማ» ይላል ሌላው። «እስክትገላገል ብቻ።» ጎረቤታችን እትዬ ታንጉት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበሩ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ይመጡና አጥራችን ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ጥቁሩን አውልቀው ከውስጥ የለበሱትን አበባ ጥለት አስተካክለው ይገባሉ። ለዓሦቹ መዋባቸው ነው ብዬ ወደድኳቸው።

አንድ ቀን ጓዳ ለብቻቸው አገኘኋቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

«እትዬ፣ እኔም እኮ አውቃለሁ። አልነግራትም።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምኑን ነው የምታውቂው፣ ልጄ?»

«ቀንድ አውጣውን።»

እትዬ ታንጉት ቁጭ አሉ። ደረታቸው ላይ አጥብቀው አቀፉኝና ሲንቀጠቀጡ ተሰማኝ፤ ይሳቁ ያልቅሱ እንጃ። «ጎሽ፣ እንደሱ ነው፣ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

ከአባቴ ጋር ያን ያህል የተቀራረብንበት ጊዜ አልነበረም፤ ኋላም አልመጣም። ማታ እናቴ ወደ መኝታ ስትገባ የጎመን ቅጠል ውኃው ላይ እናንሳፍፋለን። ጠዋት እሷ ሳትነሣ ቅጠሉን ቀስ ብለን ስናነሣው ቀንድ አውጣው ከሥሩ ተጠባብቆ ተለጥፏል። ወደ ጓሮ ወስደን ለዶሮዎች እንጥልላቸዋለን። እንቁላሉን አባቴ በጢም ምላጩ ይፍቀዋል። ሣሩን ሲተክል ቀንድ አውጣ ከመጣ ብሎ ዘዴውን ለእኔ ያስተማረኝ ክንዱ ነበር፤ «ጋሼ ክንዱ እንዲህ ነው ያለኝ» ስለው አባቴ «ደግመሽ ንገሪኝ፣ ምን አለ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። በሚቀጥለውም ቀን ያስደግመኛል። ገና ያልነቃ ቤት፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ፍም የመሰሉት ዓሦች በእጃችን መካከል ሲያልፉ፤ ዛሬም ሕልም ሳይ አንዳንድ ጊዜ እዚያው ነኝ።

ቀንድ አውጣው ግን አላለቀም። ለዶሮ በጣልን ቁጥር የሚበዛ ይመስላል። ጥምቀት ሊደርስ ሲል እትዬ ታንጉት ነጭ ልብሳቸውን ወንዝ አጥበው ሲመለሱ በእኛ በኩል ገቡ።

«እንዳለው፣ ምን በምላጭ ያስፍቅሃል? በእንዶድ ባጠብንበት ቦታ እኮ ቀንድ አውጣ የሚባል በሕይወት አይገኝም፤ ድንጋይ ለድንጋይ ሞቶ ተነጥፎ ነው የምናየው። ትንሽ ጣል አድርግበት።»

አባቴ ዓይኑ በራ። የተወቀጠውን እንዶድ በጣሳ ውኃ አሽቶ አረፋውን ሳጥኑ ውስጥ አንቆረቆረው። እኔ አጨበጨብኩ። እውነትም ቀንድ አውጣው ከመስታወቱ ላይ እየለቀቀ እንደ ጠጠር ወደ ታች ይዘንብ ጀመር። ኋላ ቡሬ ካምፓስ ስማር መምህራችን እንዶድ ቀንድ አውጣንም ዓሣንም እኩል እንደሚገድል ሲያስረዳ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በወንዝ ዓሣው ይሸሻል፤ ወራጁም ያቀጥነዋል። በክንዱ ባሕር ግን ወዴት ይሸሻል?

እናቴ ከሰዓት እንቅልፏን ተኝታ ሳለ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ቆሙ። ቀኛዝማች በጎኑ ዞረ። አባቴ ውኃውን በባልዲ ቀየረ፣ ሌላ ጨመረ፣ በእጁ ደግፎ ሊያቆመው ሞከረ። አልሆነም። ሁሉንም በትሪ አውጥቶ ጓዳ ወለል ላይ ተቀመጠና ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። እትዬ ታንጉት ራሳቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እኔ ነኝ የፈጀኋቸው» አሉ።

«አንቺ ምን አደረግሽ» አላቸው አባቴ። «ይኼን ካየች ምልኪ ታደርገዋለች፤ ልቧ በቀጥታ ወደሱ ይሄዳል። ከዚያ ጉዱ ይወጣል። አንድ ወር ቀረን እኮ፤ አንድ ወር እንኳ ልጠብቃት አቃተኝ?»

እኔም አለቀስኩ። ጋሼ ክንዱ ሲመጣ ምን እለዋለሁ ብዬ ነበር ያለቀስኩት።

አባቴ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፈነውና ለእናቴ «ብርዱ ጠንክሮባቸዋል፤ ይሸፈኑ» አላት። በማግሥቱ ባሕር ዳር ጤፍ የሚገዛ ሰው አለ ብሎ ሄደ። ሲመለስ በእጁ የዘይት ጀሪካን ይዟል። አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ካለ ኩሬ ለምኖ ያመጣቸው ዓሦች ነበሩ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ክዳኑን እየከፈተ አየር ሲሰጣቸው እንደመጣ ለእትዬ ታንጉት ሲነግር ሰማሁት። ቀስ አድርጎ ለቀቃቸው። እንደ ቀድሞዎቹ ቀይ ናቸው። «አባዬ፣ ቀኛዝማች ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው» ስለው «አድጎ ጠፍቶለት ነው በይ» አለኝ።

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ እናቴ ወገቧን ይዛ መጥታ ቆመች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታለች፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ይመላለስ ነበር። ዓሦቹን አየች። ከዚያ አባቴን አየችው። አባቴ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ደግማ ዓሦቹን አየች፤ ለረዥም ጊዜ።

«አምረዋል» አለች።

«አዎ፣ ደኅና ናቸው» አለ አባቴ።

«ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስታገኝ ለክንዱ ሰላም በልልኝ። ዓሦችህ ደኅና ናቸው በልልኝ።»

«እሺ፣ እላለሁ።»

ገብታ ተኛች፤ ነጠላዋን እስከ ራሷ ተሸፈነች። ብርሃኑ ቢያስቸግራት ነው ብዬ መጋረጃውን ሳብኩላት።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን አዛውንት አያ ክንፈሚካኤል አረፉ። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። እናቴ ግን ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ለቅሶ ካልደረስኩ አለች። አባቴ ለመናት፤ እትዬ ታንጉት ተቆጧት፤ አልሰማችም። እኔን ይዛ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ የሟቹ ልጆች እንኳን ደክሟቸው ዝም ብለው ሳለ እናቴ ደረቷን እየያዘች «ወንድሜ» እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ምስኪን፣ ነፍሰ ጡር ሆዷ ይባባል» አለች አንዷ። ስንመለስ «እማዬ፣ ዘመዳችን ናቸው?» አልኳት። «የሞተ ሁሉ ዘመድ ነው» አለችኝና ፊቷን ከቧንቧው ታጥባ ገባች።

የካቲት ውስጥ ወንድሜ ምስክር ተወለደ። በጤናው፣ ጮኾ፣ ወፍራም ሆኖ። አባቴ ደጅ ላይ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ ቄስ ገብረሰንበትና ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከኋላቸው አሉ፤ እትዬ ታንጉትም ዛሬ ጥቁሩን አላወለቁም። እኔ ሮጬ ወጥቼ ቄሱ ፊት ቆምኩ።

«አባቴ፣ አሁን ብትነግሯት ምንም አትሆንም። ቀንድ አውጣው አልቋል።»

ቄስ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። እናቴ ከውስጥ ወጣች። ማንም አፉን ሳይከፍት ሕፃኑን ለእትዬ ታንጉት ሰጠች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን አሰረች፣ ምድር ላይም ተቀመጠች። ቄሱ መናገር ሲጀምሩ ነው ጩኸቱ የተነሣው። ክንዱ እንደማይመጣ የሰማሁት እኔም ያን ዕለት ነው። ለጥቂት ቀናት ትልልቅ ሰዎችን ሁሉ ጠላኋቸው፤ አደራ የተሰጠኝ እኔ ሳለሁ ለምን ደበቁኝ ብዬ።

ዘንድሮ አባቴ አረፈ። ከአርባው በኋላ ልብሱን ለነዳያን እንስጥ ብለን እኔና እናቴ ሳሎን ውስጥ እያጣጠፍን ነበር። አሁን እኔም ሁለት ወልጃለሁ፤ ብዙ ነገር ዘግይቶ ይገባል።

«እማዬ፣ ያን ጠዋት ሳይነግሩሽ ወገብሽን አሰርሽ» አልኳት።

እጇ ቆመ። «አየሽኝ እንዴ?»

«አየሁ። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዓሦቹን ያየሁ ቀን።»

«ግንባሩ ላይ ነጭ ስላልነበረው?»

«እሱንም አይቻለሁ፤ እሱ ግን አይደለም። ክንዱ በሕይወት ቢኖር አባትሽ ‹ዓሣህን በእንዶድ ፈጀሁልህ፣ እፎይ› ብሎ ነበር የሚስቅበት። ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የሚተካለት ምን ቆርጦት? እዚያ እጁን አጣምሮ ቆሞ ሳየው አወቅሁ። ወንድሜ የለም አልኩ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?»

«ብቻዬን አልነበርኩም። ሆዴ ውስጥ ልጅ ነበረኝ፤ እሱን ይዤ ቆምኩ። አባትሽ ግን ምን ነበረው? የሚወደውን ልጅ ቀብሮ መጥቶ ማልቀስ እንኳ ተከልክሎ፣ አላወቀችም እያለ ነው እህል የሚቀምሰው። አውቄያለሁ ብለው ምኑን ይዞ ያድር ነበር?»

«ኋላስ? ስንት ዓመት ሙሉ አብራችሁ ስትኖሩ?»

«ኋላማ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራው ነበር። ‹ሀብትነሽንና ልጇን አተረፍኳቸው› ይላል፤ ይስቃል፤ ጀሪካኑን እንዴት እንዳቀፈው በእጁ ያሳያል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።» ኮቱን አንሥታ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፈች። «እውነቱንም ነው፤ አትርፎናል» አለች፤ ኮቱንም ከሌሎቹ ልብሶች ለይታ ለራሷ አስቀመጠችው።